የቀላው ብርጭቆ

ሐኪሙ በታናሽ እህቷ በኢሽራቅ ደም ውስጥ እርሳስ አለ ካለ ወዲህ ኢንቲሳር እንቅልፍ አልነበራትም። የሚጻፍበት እርሳስ አይደለም፤ የሚቀልጠው መርዛማ ብረት ነው። የአራት ዓመቷ ልጅ ሆዴን እያለች የምትገረጣው ለካ በሱ ኖሯል። ከየት እንደሚገባባት ግን የሚያውቅ ጠፋ። አባታቸው ሙሀመድሁሴን ቃሊቲ ያረጀ የመኪና ባትሪ እየፈታ እርሳሱን ያቀልጣል፤ ቢሆንም የሥራ ልብሱን እዚያው አውልቆ ነው አቃቂ ቤቱ የሚገባው። «የኔ ሥራ የቤቴን ደጃፍ አይረግጥም» ብሎ ምሏል።

ኢንቲሳር የኬሚስትሪ ተማሪ ናት፤ አንድ ነገር ካልገባት ደግሞ እንደ መዥገር ተጣብቃ አትለቅም። ውሃውን ጠረጠረችና ከቤተ ሙከራ አንድ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ሰማያዊ ቀለም ይመስላል እንጂ ውስጡ ያሉት ከዱቄት የላሙ፣ ለዐይን የማይታዩ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው። ውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ሲያገኙ ወደ ውስጣቸው ይስቡታል፤ ያን ጊዜ ይቀላሉ።

የቧንቧውን ሞከረች፤ ሰማያዊ። የሮቶውን ሞከረች፤ ሰማያዊ። የጎረቤት ጉድጓድ እንኳ አልቀራትም፤ እሱም ያው።

ሙሀመድሁሴን ጁምዓ ሰግዶ ለምሳ ሲመጣ ብርጭቆ ደርድራ አገኛት።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ አንቺ ግን የአቃቂን ጉድጓድ ልትጨርሺ ነው» ሲል ቀለደባት።

ኢንቲሳር አልሳቀችም። ዐይኗ ጥፍሩ ሥር ያለችው ጥቁር መስመር ላይ አርፏል።

«አባ፣ እስቲ እጅህን እዚች ብርጭቆ ውስጥ ተለቅለቅልኝ።»

«በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ እጅ!» አለና እየሳቀ ተለቃለቀ።

እርሳስ ካለበት እንዲሟሟ ጠብታ አሲድ ጨመረችበት፤ ከብልቃጡም አንጠባጠበች። ውሃው ቀላ። አላህ ይቅር ይበላትና መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ አገኘችው! ቀጥሎ የአባቷን ፊት አየች፤ ደስታዋም እዚያው ሞተ።

ሙሀመድሁሴን ወጥቶ በሳሙና እያሸ ታጠበ፤ ተመልሶም ሌላ ብርጭቆ ውስጥ ተለቃለቀ። እንደገና አንጠባጠበችበት፤ እሱም ቀላ።

ምሳ ቀረበ። ኢሽራቅ እንደ ልማዷ አባቷ ጭን ሥር ገብታ ጉርሻዋን ለመቀበል አፏን ከፈተች። እሷን ሳያጎርስ በልቶ አያውቅም። ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ዛሬ አንቺ አጉርሺኝ፣ እናቴ» አላት።

ልጅቷ ጨዋታ መሰላት። በትንሽ እጇ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ እሱም እጆቹን ከኋላው ሳያወጣ ጎረሰ።