ጌኔ አታለቅስም

«ሳቢሃ፣ እንግዳ ቆሟል። ተነሺና እናትሽ መደብ ላይ ተቀመጪ» አሉ አጎቷ አብዱልሃዲ በሴቶቹ ክፍል በር ላይ ሆነው።

«ደክሞኛል አጎቴ። ዛሬን እንኳ ይተዉኝ።»

«ይህ ቤት ደክሞኛል የሚባልበት ቤት ነው እንዴ?»

አልነበረም። የጥንቱን የጅማ ንጉሥ ዘር ያገባችን ሴት ሰዉ ዛሬም ጌኔ ይላታል፤ ንግሥት ማለት ነው። ዙፋኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ሥራው ግን አልቀረም። የሳቢሃ እናት ጌኔ ዘይቡ ዕድሜዋን ሙሉ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ሰርግና ለቅሶ ስትዞር ኖራ ትናንት ተቀበረች። ደንቧ አንድ ነበር፤ ጌኔ ሰው ፊት አታለቅስም፣ ታጽናናለች እንጂ። በቤቱ ሌላ ሴት የለምና አሁን ደንቡም መደቡም ለሳቢሃ ሊተርፉ ነው። እሷ የፈለገችው ግን አንድ ጥግ ይዛ እንደ ማንኛዋም ልጅ እናቷን ማልቀስ ነበር።

ሆኖም ተነስታ ተቀመጠች። ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል። ሰዉ ደግሞ ልማድ ሆኖበት ከ«አላህ ይርሃማት» ቀጥሎ ጉዳዩን ይዘረግፋል። አንዷ ከምራቷ ተጣልታለች፤ የሌላዋን የቡና ጥላ ዛፍ ጎረቤት ቆርጦባታል። ለቅሶ ቤት መሆኑንም የረሱት ይመስላል። ሳቢሃ «እሺ፣ እናያለን» ትላለች። እናቷም እንዲሁ ነበር የምትለው።

ሳቢሃ የራሷ ሕፃን የሞተባት ጊዜ ትዝ አላት። ያኔ እናቷ አጋሮ፣ የሰው ለቅሶ ላይ ነበረች። የመጣችው ያ ለቅሶ ካበቃ በኋላ ነው፤ ያውም ቀጥ ብላ ተቀምጣ «እንግዳው በልቷል?» ብላ ጠየቀች። አንዲት እንባ አልወጣትም። ሳቢሃ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም።

ከሰዓት በኋላ ዩምና የሚባሉ አሮጊት ከአጋሮ መጡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያኔ ልጅሽ ሲሞት እናትሽን የያዝኩብሽ እኔ ነኝ» አሉ ከመደቡ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው። «የባሌ ለቅሶ ነበር። የልጅሽ መርዶ እኔ ቤት ደረሳቸው።»

«እያወቀች ነው የተቀመጠችው?»

«ሂዱ ብንላቸው ጀምሬ አልተውም አሉ። ከዚያ ቡና ማከማቻው ገብተው በሩን ዘጉ። በስንጥቁ አየኋቸው። ጆንያ ላይ ተደፍተው፣ የሻርፓቸውን ጫፍ ነክሰው... ወላሂ፣ እኔ ለባሌ እንደዚያ አላለቀስኩም። ፊታቸውን ታጥበው ወጡና መልሰው እኔን አጽናኑኝ።»

ሳቢሃ ተናደደች፣ አዘነችም፤ የቱ እንደሚበልጥ አላወቀችም።

«ምነው እኔ ዘንድ መጥታ ባለቀሰች!» አለች። እንባዋ እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዱብ ዱብ አለ።

አጎቷ ከበሩ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳቢሃ፣ እንግዳ ገብቷል።»

አንዲት የማታውቃት ሴት በሩ ላይ ቆማ ግራ ገብቷታል። ሳቢሃ ፊቷን አልጠረገችም። ጌኔ ብቻዋን በምትቀመጥበት መደብ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና ከጎኗ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችላት።