ደንቡሼ የተኛበት ስፖንጅ

ድመቷ ኩርፌ ማኩረፏ ብርቅ አልነበረም፤ ስሟም የወጣላት ከዚሁ ነው። ወተቱ ከቀዘቀዘ ታኮርፋለች፤ በር ከተዘጋባት ታኮርፋለች፤ የስፌት መኪናው ሲጮህ ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ታኮርፋለች። ከኩርፊያዋ የሚመልሳት አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ ሆዱ መሬት ለመሬት የሚጎተት፣ እየበላ የሚያንኮራፋ፣ ደንቡሼ የሚባል ግራጫ ድመት። መጥቶ ጆሮዋን ላስ ላስ ያደርግላታል፤ ከዚያ ይሉኝታ ሳይዘው ሙሉ ገላውን ይጥልባታል። በቃ፣ ታረቁ ማለት ነው።

የአሁኑ ግን ኩርፊያ አልነበረም። ደንቡሼ ኩላሊቱን ታሞ ከሞተ ወዲህ የኩርፌ ነገር እየባሰ ሄዶ፣ ጭራሽ እህል ውሃ በአፏ አልዞር አለ። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱን ስታስስ ከረመች፤ የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ የጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ፣ በሩ ሥር። እየዞረች ትጣራለች፣ ቆም ብላ ጆሮዋን ታቆማለች፣ እንደገና ትጣራለች። አሁን መጣራቱንም ትታዋለች። ከጥቅሎቹ ኋላ ገብታ ተኝታለች፤ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን የምታይበት አይመስልም።

ሶፋ ሰሪዋ አጠገቧ ተንበርክካለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ወርክሾፑን ብቻዋን የያዘች፣ የሶፋ አጥንት ያለ አጋዥ የምታገላብጥ ጠንካራ ሴት ናት፤ የጨርቅ መምቻ ስቴፕለሯን ስትተኩስ አላፊ አግዳሚው ይደነግጣል። ዛሬ ግን በጣቷ ጫፍ የእንቁላል አስኳል ይዛ ድመት ትለምናለች።

«ቅመሺ እንጂ የኔ እናት። ትንሽ ብቻ። ለእኔ ስትይ።»

ኩርፌ አፍንጫዋን እንኳን አላነቃነቀችም። የተከተፈላት ጉበት ሳህኑ ላይ ደርቋል። የተቀቀለላት ዓሣ የጎረቤት ድመቶች ሲሳይ ሆኗል።

«ድመት እኮ ናት!» አሉ እትዬ ከበሩ ላይ። እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። ከላይኛው ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ መጥረጊያ ከእጃቸው ስለማይለይ ይዘውት የተወለዱ ይመስላሉ። «ሌላ ድመት አምጪላት፣ ትረሳዋለች።»

«አምጥቼላት አልነበር እትዬ? ቀና ብላም አላየችው።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል! ይልቅ አንቺ ለራስሽ እወቂበት። አጥንትሽ ሊወጣ ነው።»

ሶፋ ሰሪዋ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋችው። እትዬን መጋፈጥ አልለመደባትም። ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ አስገባችና ወጣች። ቅርጫቱን ስታነሳው ባዶ የያዘች ያህል ቀለላት።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጁ ለስላሳ፣ ወሬው አጭር። የኩርፌን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን አየ።

«ድዷ ቢጫ መሆን ጀምሯል እናቴ። ድመት እንደ ሰው ረሃብ አትችልም፤ ጉበቷ ነው የሚወድቀው። ፈሳሽ በመርፌ እሰጣታለሁ፤ ግን ራሷ መብላት ካልጀመረች አልደብቅዎትም፣ አትተርፍም።»

«በግድ ባበላትስ?»

«እንሞክራለን። ይህቺ ግን የመኖር ፍላጎቷ ነው የጠፋው።» ትንሽ አሰበና «ሬሳውን አይታዋለች?» አላት።

«የት አይታው! እዚሁ እርስዎ ጋ አይደል የሞተው?»

«የተኛበት ነገርስ? ፎጣ፣ ጨርቅ፣ ብቻ ጠረኑ ያለበት ከተገኘ አጠገቧ ያድርጉላት። አንዳንዶቹ እሱን ይዘው ነው የሚጽናኑት።»

«የለም። አጥፍቼዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እውነቷን ነው። ደንቡሼ በሞተ ማግስት ኩርፌ ወርክሾፑ ውስጥ ካለው ባለ አንድ ሰው ነጠላ ሶፋ ላይ አልወርድም ብላ ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው የሚተኙት እዚያ ነው። መቀመጫውን እያሸተተች ስታለቅስ ዋለች፤ ድመት ታለቅሳለች ወይ የሚል ካለ ያን ዕለት አልሰማም። እንደምንም ግን ትቀምስ ነበር። የሶፋ ሰሪዋ አንጀት አልችል አለ፤ እትዬም «ሽታው ነው የሚያስለቅሳት፣ አጥፊው!» አሉ። ሁለቱ ሴቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ቤቱን ገለበጡት። ፎጣው ታጠበ፣ ወለሉ በበረኪና ተወለወለ፣ የነጠላው ሶፋ ጨርቅ ተገፍፎ ተጣለ፣ ስፖንጁ ወጥቶ አዲስ ገባለት። ሲያልቅ ኩርፌ አዲሱ ጨርቅ ላይ ወጥታ አንዴ አሸተተችና ወረደች። ፍለጋውን የጀመረችው ያኔ ነው፤ መብል የተወችውም ያኔ ነው።

አሁን «ሁሉንም» የሚለው ቃል ከገዛ አፏ ሲወጣ ሶፋ ሰሪዋ ደነገጠች። ይህ የእትዬ ቃል ነበር። ባሏን ቀብራ የገባች ዕለት ቁም ሳጥኑን ብትከፍተው ባዶ ሆኖ ጠበቃት፤ ኮቱ የለ፣ ጫማው የለ፣ የተንተራሰው ትራስ የለ። «ዓይንሽ እያየ እንዳትጎጂ ሁሉንም አወጣሁልሽ» አሏት እትዬ። ጭንቅላቷን ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ የእሱን ጠረን ብትፈልግ ያገኘችው ሳሙና ብቻ ነበር። ያቺን ቀን ለእትዬ ይቅር አላለችም፤ ግን ትንፍሽ ሳትል በሆዷ ይዛው ኖረች። ነጠላው ሶፋ እንኳን የተረፈው ወርክሾፑ ውስጥ ስለነበረ ነው፤ እትዬ የደንበኛ መስሏቸው። ባሏ ከሥራ በኋላ ሲጋራውን ለኩሶ የሚቀመጥበት ወንበር ነበር። ኋላ ድመቶቹ ወረሱት፣ እሷም የድመት ነው ብላ ለመደችው።

«እኔው ነኝ የገደልኳት» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። «በራሴ የደረሰውን እያወቅሁት!»

ከሐኪሙ ወጥታ መንገዱን አጋምሳ ነው ስፖንጁ ትዝ ያላት። በሶፋ ሥራ አሮጌ ስፖንጅ አይጣልም፤ ተከትፎ ለትራስ መሙያ ይሆናል። እሷም እጇ ልማዱን አልረሳምና ከትፋዋለች። ለአንድ የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል የታዘዙትን ትራሶች ስትሰፋ መሙያ ሲያንሳት አንዱ ውስጥ ጠቀጠቀችው። በየትኛው? እንጃ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው፤ ደግሞም አስረክባቸዋለች። ቅርጫቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ዕድሜዋንም ጉልበቷንም ረስታ መሮጥ ጀመረች።

የጥርስ ሐኪሙ እንግዳ ተቀባይ ቀና ብላ ቅርጫቱን አየችና «እንስሳ አይገባም» አለቻት።

«ትራሶቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንዱ ላይ ስፌቱ ተበላሽቶብኛል፣ ላስተካክለው ነው።»

«ታዲያ ድመቷ ምን ትሠራለች? ስፌት ትችላለች?»

ተረኞቹ ጉንጫቸውን እንደያዙ ሳቁ። ሶፋ ሰሪዋ ግን መሳቅም መዋሸትም አቃታት። «ልትሞትብኝ ነው» አለች። «ጓደኛዋ የተኛበት ስፖንጅ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ነው። ትራሱን አዲስ እሰፋላችኋለሁ። ብቻ ላግኘው፣ እባክሽ እህቴ።»

እንግዳ ተቀባይዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህንኑ እንደ ፈቃድ ቆጥራ ሶፋ ሰሪዋ ከረጅሙ አግዳሚ ጫፍ ጀመረች። ትራሱን ታነሳለች፣ አፍንጫዋ ላይ ትለጥፋለች፣ ታስቀምጣለች። አዲስ ጨርቅ ይሸታል፣ መድኃኒት ይሸታል፣ ሌላ ምንም የለም። ሰዉ እየተነሳ አሳለፋት፤ ፊቷ ላይ ያለው ነገር የሚያስቅ አልነበረም። ጉንጩ እንደ ኳስ ያበጠ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጥግ ላይ ተደግፎ ሕመሙን ያዳምጣል እንጂ አልተነሳም።

የማሽተቱ ነገር አልሆነላትም። ኩርፌን ከቅርጫቱ አውጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። ድመቷ እንደተቀመጠች እዚያው ዘፍ አለች። «ፈልጊው እንጂ! ያን ሁሉ ስትፈልጊው አልነበር? አሁን ፈልጊው!» ኩርፌ ጭንቅላቷን ንጣፉ ላይ ጣለች። ሶፋ ሰሪዋ ከጎኗ ቁጭ አለች፤ አለቀ፣ ደከመኝ አለች በሆዷ። ድመቷን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

የድመቷ አፍንጫ እርግብ እርግብ ሲል ያየችው ያኔ ነው። ኩርፌ ቀና አለች። በሆዷ እየተሳበች፣ እያረፈች፣ በሰው ጫማ መሃል አልፋ ጥጉ ጋ ደረሰችና በሽማግሌው ሱሪ ላይ ጥፍሯን ተከለች። «ኧረ!» ብሎ ብድግ ከማለቱ፣ አግዳሚው ላይ ወጥታ ተደግፎት የነበረውን ትራስ በሁለት እጇ አቀፈችው። ከዚያ ጮኸች። ከዚህች ጭብጥ ከማትሞላ ገላ ይወጣል የማይባል ድምፅ ነበር። ጥፍሯን ስፌቱ ውስጥ እየቀረቀረች ቀደደችው፤ የስፖንጅ ፍርፋሪ ወጣ፣ ፊቷን እዚያ ቀበረች።

ሶፋ ሰሪዋ ሁለቱንም በአንድ ላይ ልታቅፍ ጎንበስ ስትል አፍንጫዋ ቀዳዳው ላይ ዋለ። መጀመሪያ ድመት ሸተታት። ቀጥሎ ከሥሩ የቆየ ሲጋራ፣ ማስቲሽ፣ ያ ርካሽ የጸጉር ቅባት። ባሏ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠ ያህል፣ ራሱ ነበር። አግዳሚው ላይ ተደፍታ እንደ ልጅ ጮክ ብላ አለቀሰች። በቀብሩ ዕለት እንኳን እንዲህ አላለቀሰችም።

ከውስጥ የወጣው የጥርስ ሐኪም «ምን ዓይነት ጥርስ ቢይዛት ነው እንዲህ የሆነችው?» አለ ደንግጦ።

«ተራዬን ሰጥቻታለሁ» አለ ሽማግሌው ጉንጩን ይዞ። «የእኔ ይቆያል።»

እቤት ትራሱን በነጠላው ሶፋ ላይ አደረገችው፤ ኩርፌ ላዩ ላይ ተጠቅልላ ዓይኗን ጨፈነች። ግን አልበላችም። የሥጋ መረቅ በሲኒ ቀረበላት፣ ቀዘቀዘ፣ ሞቀ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። ሶፋ ሰሪዋ እየፈራች ትንፋሿን ታዳምጣለች። በዚህ መሃል እትዬ ከነመጥረጊያቸው ገቡ።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ግማት ነው? ቤቱን ያን ያህል አጽድተነው!» ብለው ትራሱን ከድመቷ ሥር መንጭቀው ወደ በሩ ዞሩ።

«ይሽተት!» አለች ሶፋ ሰሪዋ።

እትዬ ቆሙ። በዚህ ቤት እንዲህ የሚል ድምፅ ሰምተው አያውቁም።

«ይሽተት እትዬ! የኔን ወሰዱብኝ፣ ዝም አልኩ። የሷን እኔው ወሰድኩባት። እስቲ ከመጣልዎ በፊት እርስዎም ያሽትቱት!»

እትዬ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሆኖም ትራሱ ፊታቸው አጠገብ ነበርና አሸተቱት። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ወለሉ ላይ፣ ያ ሁልጊዜ የሚጠርጉት ወለል ላይ፣ ቁጭ አሉ።

«ወንድሜ» አሉ። «ወንድሜን።»

ትራሱን አቅፈው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዙ። «ላንቺ ብዬ አልነበረም» አሉ ቆይተው፣ ፊታቸውን ሳያነሱ። «እንዳትጎጂ አልኩሽ እንጂ ላንቺ ብዬ አልነበረም። ኮቱን እያየሁ መቆም አቃተኝ። ሁሉንም አወጣሁት። ማታውን አንድ ነገር ባስቀረሁ ብዬ ስፈልግ አደርኩ። ለማን ልናገር?»

ሶፋ ሰሪዋ ዓመት ሙሉ በሆዷ የያዘችው ነገር ነበራት፤ አሁን ብትፈልገው አጣችው። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ኩርፌ ከሶፋው ተንገዳግዳ ወረደች። እትዬ ፊት መጥታ ጠበቀች። ትራሱ አልተለቀቀም። ትንሽ ጠበቀችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ዞረች፤ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ቁጭ አለች።

«እትዬ!» አለች ሶፋ ሰሪዋ ክንዳቸውን ጨብጣ። «አኮረፈች! ይዩዋት፣ አኮረፈች!»

«ትንሽ ትታገሠኝ» አሉ እትዬ። «ገና አልጠገብኩም።» ግን ትራሱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉላት። ኩርፌ እንደምንም ወጥታ ተኛችበት። ሶፋ ሰሪዋ ጣቷን መረቁ ውስጥ ነክራ አቀረበችላት፤ ሻካራዋ ምላስ አንዴ ላሰች፣ ቆየችና ደገመች። እትዬ እንዳይረብሿት ብለው እግራቸው እስኪደነዝዝ ሳይነቃነቁ ተቀመጡ።