ጭምብሉ ሲወልቅ

ዘሊካ በሳዑዲዋ ከተማ በአል-ጣኢፍ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። የሚበረውን ጀግና ፊልም በጣም ስለወደደችው፣ ክፍል ሁለት መጣ ሲሏት ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ወርዳ ፊልም ከሚሸጠው የአገሯ ልጅ ከኢሳ በፍላሽ አስጫነች። ስታየው ግን ጀግናው ጭምብሉን አያወልቅም፤ በክፍል አንድ የተቀበረችው እናቱም ምንም እንዳልሆነች ምሳ ታቀርባለች። ዘሊካ ሌላ ሰው ጭምብል አልብሰው የሠሩት ይሆናል ብላ ጠረጠረች። ግማሹ ላይ አጥፍታው በማግስቱ ኢሳ ዘንድ ገሰገሰች።

«የአገሬ ልጅ ብዬ ባምንህ አስመስለው የሠሩትን ትሸጥልኛለህ?»

«ወላሂ ዋናው ነው፣ እህቴ!»

«እናትየዋ ሞታ የለም እንዴ?»

«እኔ አልገደልኳት፣ እኔ አላስነሳኋት!»

«ያላ፣ ክፈተውና አሳየኝ።»

ኢሳ በስልኩ ከፍቶ መጨረሻውን አሳያት። ጀግናው ጭምብሉን አወለቀ። ፊቱ ያው የምትወደው ፊት ነበር፤ ንግግሩ ግን የተሰላቸ ሰው ንግግር ነው። ዘሊካ ቅር አላት፤ ዋናው ፊልም ራሱ የማይረባ ነው። ኢሳ አታልሏት ቢሆን ተቆጥታ ይወጣላት ነበር።

«አፉ በለኝ» አለችው።

«ግድ የለም። ክፍል ሦስት ሲመጣ ላስቀምጥልሽ?»

ዘሊካ በጥርጣሬ አየችው። «መጀመሪያ አንተ እየውና እውነቱን ንገረኝ» ብላው ሄደች።