እርጥቡ ሱሪ

ጋሽ ገሠሠ ሽምግልና ሰልችቷቸዋል። ጎፋ ውስጥ የተጣላ ሁሉ የእሳቸውን በር ያንኳኳል። አብረዋቸው ይሸመግሉ ከነበሩት አንዱ ሞቷል፣ አንዱ አልጋ ይዟል። ልጃቸው አባይነህ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህማ የሰው ጭቅጭቅ ጆሯቸው አይገባም። ግን እምቢ ማለት አያውቁበትም፤ ይኸው በዚህ ክረምት ጭቃ እያቦኩ ተሾመች ደጅ ደርሰዋል።

ነገሩ የአጥር ነው። ጎረቤቷ ወጋየሁ አጥሩን ሲያድስ ወደ እሷ ጓሮ አንድ ክንድ ያህል ገፍቶ ተከለ። ተሾመች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ መብቴ ተነካ ብላ ስትጮህ ሰነበተች። ወጋየሁም ደረቅ ነው፤ «እንግዲያው ቀበሌ መጥቶ ይለካ!» አለ። ቀበሌ የሚለውን ስትሰማ ክሷን ተወች። ዛሬ ጭራሽ ሽማግሌውና ወጋየሁ ፊት ቆማ፣

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ። ይቅርታ ልጠይቅና ነገሩ ይለቅ» አለች።

ጋሽ ገሠሠ ተናደዱ። የድሮው አጥር የት እንደነበር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

«ቦታውን ሳላይ አስታርቄ አላውቅም። ጓሮውን አሳዪኝ።»

«ጭቃ ነው ጋሼ፣ ይተዉት...»

«ዕድሜ ልኬን የረገጥኩት ጭቃ ነው» አሉና ወጋየሁን ደጅ ትተው በቤቷ ውስጥ አልፈው ጓዳ ገቡ።

ጓዳው ውስጥ ገመድ ላይ የወጣት ሱሪ ተንጠልጥሎ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው ሳሉን አፍኖ ያዘ። የተሾመች ልጅ አምሐ፣ ለውትድርና ሲፈለግ ጅማ አጎቱ ዘንድ ሄዷል ይባል ነበር።

ተሾመች እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዟት። ክፉኛ ቀኑባት። እሳቸው አባይነህን «ሕግ ነው» ብለው ራሳቸው ናቸው ቀበሌ ያደረሱት። ግን ለቅናትም ጉልበት ይፈልጋል፤ ደከማቸው። ቀበሌ ሊለካ ከመጣ ወደ ጓሮ የሚያልፈው በዚሁ ጓዳ ነው።

ወጥተው ፈረዱ። አጥሩ በቆመበት ይጽና፣ ተሾመች ይቅርታ ትጠይቅ አሉ። እንደ ልማዱ ድንጋይ አንገቷ ላይ ተሸክማ አጎነበሰች። ወጋየሁ የሠራውን ያውቃልና እጁ ዘገየ።

«አንሳላት እንጂ!» ብለው ጮሁበት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ አነሳላት፤ ቀና ብሎም ሳያያት ሄደ። ነገ ሰፈሩ ገሠሠ ጉቦ በላ ማለቱ አይቀርም። ይበል።

ጓዳ ተመልሰው ሱሪውን ከገመዱ አወረዱት።

«በዚህ ዝናብ እዚህ አይደርቅም፤ ውጭ ብታሰጪው ያዩብሻል። እኔ ቤት ይድረቅ። ልጁን የሰጠ ሰው ቤት አይፈተሽም።»

ከጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው፣ እርጥቡ ጎናቸውን እያቀዘቀዘው ቤታቸው ደረሱ። ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር። ሱሪውን ግቢያቸው ገመድ ላይ አሰጡና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከድካማቸው የተነሳ ለባለቤታቸው መንገር እንዳለባቸው እንኳ ረሱት።

ባለቤታቸው ፀሐይወርቅ እጣቢ ልትደፋ ወጣች። ገመዱን አየች። ባልዲውን እንዳይንኳኳ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችና ጸጉሯን በእጇ አስተካከለች።

«መቼ መጣ?» አለች በሹክሹክታ። «ተኝቷል እንዴ?»