ስድብ የሌለበት ግብዣ

ቺሌሼ ልጅ ሳለች አባቷ የንጎኒ ጎሳ ወዳጁን «ዛሬ ሳትሰድበኝ? ምን ደብቀኸኝ ነው?» ሲለው ሰምታ ነበር። የሰውየው መልስ ጠፍቷታል፤ የአባቷ ፊት መጥቆሩን ግን አልረሳችም። እሷና አባቷ ቤምባ ናቸው፤ የቤምባና የንጎኒ ጎሳ ሰዎች ሲገናኙ በስድብ መቀላለድ ወጋቸው ነው።

ዛሬ በዛምቢያዋ ንዶላ ከተማ፣ የዶሮ መኖ ከምትሸጥበት ሱቅ ተቀምጣ የጄሬን መልእክት ስታነብ ያ ነገር ትዝ አላት። ጄሬ ንጎኒ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን አገር በሚያስተዳድርበት የኢንተርኔት ጨዋታ ደግሞ በአንድ አካባቢ ያለ ጎረቤቷ። «ክብርት እመቤቴ፣ የዓለም ምክር ቤት ይግቡና ድጋፍዎን ይስጡኝ» ይላል። በጨዋታው የዚህ ምክር ቤት አባል ሆኖ ከሌሎች አባላት ብዙ ድጋፍ ያገኘ የአካባቢው ሊቀመንበር ይሆናል፤ ሊቀመንበር ያልወደደውን አገር ያባርራል። እሷ ደግሞ ያን አካባቢ ከባዶ ያቀናችው ናት።

በልቧ አጭር ጸሎት አድርሳ ደወለች።

«አንተ አይጥ በሊታ! ከመቼ ወዲህ ነው እመቤትህ የሆንኩት?»

ጄሬ «ደህና ነዎት?» ብሎ በአክብሮት ጠየቃት።

«ጄሬ፣ ማን ነው ያስጻፈህ?»

«የወዲያኛው አካባቢ ሰዎች» አለ ቀስ ብሎ። «ወንበሩን እንድይዝ ይረዱኛል፤ እኔ አንቺን ላስወጣላቸው። እንደ ልማዴ ልሰድብሽ ብል እጄ እምቢ አለኝ።»

ቺሌሼ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እንግዲያው ምክር ቤቱ እገባለሁ። ግን ደጋፊው አንተ ነህ። ለጎረቤቶቻችንም እኔን እንዲደግፉ ትነግራቸዋለህ።»

«ከዚያ ታባርሪኛለሽ?»

«መጀመሪያ እንደ ሰው ስደበኝ።»

ጄሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ አንቺ ጦጣ በሊታ» አለ፣ «ድጋፌን አሁኑኑ እሰጥሻለሁ፤ ለሁሉም እነግራለሁ።»