ድምፅ ሦስት

«ይህን ቃል ታውቂዋለሽ። ለምን ትሳሳቻለሽ?»

ጥያቄው ታብሌቱ ላይ ተጽፎ መጣ፤ ወዲያው የታብሌቱ ለስላሳ የሴት ድምፅ አነበበችልኝ። ያን ጊዜ አልመለስኩም። መልሱን አጥቼው አይደለም። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ስለነበር ነው።

ፊደል መማር የጀመርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያስጀመረኝም መድኃኒት ነው። ሁለት ካርቶኖች ተመሳሰሉብኝና አንዱን ክኒን ደግሜ ውጬ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወደቅሁ። ልጄ በሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሻንጣዋን ዘግታ ነበር። ሻንጣውን ከፍታ ልብሷን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰች። ስለዚያ ሥራ ዳግመኛ አላነሳችም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኋት። ከዚያ ታብሌት ገዛችልኝና በኢንተርኔት የሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት አስመዘገበችኝ። አስተማሪዋ ሰው አይደለችም። ጮክ ብዬ ሳነብ ትሰማለች፣ የሰማችውን ወደ ጽሑፍ ትለውጣለች፣ የሳትኩትን ታርማለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሪፖርት ትልካለች።

ልጄ ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለችም። በቢሮዋ ቀኑን ሙሉ ጋዜጣ የሚያነብና ሬዲዮ የሚያዳምጥ ፕሮግራም አለ፤ ማን ምን እንዳለ፣ የቱ ምስጋና የቱ ወቀሳ እንደሆነ ይለያል። እሷ የለየውን ታጣራለች። በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት ነበር የምትሠራው፣ ውስጠኛው ክፍል ገብታ፣ በሩን ዘግታ።

በሰባተኛው ሳምንት ሪፖርቱን ስታነብልኝ ድንገት ንባቡን አቋረጠች።

«ምን ይላል?»

«በቤቱ ሦስት ድምፅ ተሰምቷል ይላል።»

«እኛ እኮ ሁለት ነን።»

«ሬዲዮው ይሆናላ፣ እማ።» ሳቀችና ዘጋችው።

ሬዲዮአችን ከተበላሸ ዓመት አልፎት ነበር።

ልጄ ቤት ውስጥ ሰው የደበቀችብኝ መሰለኝ። ገበያ ደርሼ ስመለስ ከመግባቴ በፊት በር ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። በር ሥር ያለውን ጫማ እቆጥራለሁ። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ካለ የኔና የሷ መሆኑን ደጋግሜ አስባለሁ። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ እንደኔው የዚያ ትምህርት ተማሪ ናት፤ ጭንቀቴን ብነግራት መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች።

«እኔንም አስተማሪዋ ሁለት ናችሁ ብላኛለች። እኔንና የስፌት መኪናዬን። እንዲያውም መኪናዋ ትበልጠኛለች፣ አንድም ስህተት አልተገኘባትም።»

አሳቀችኝ። ደረጃውን ስወጣ ግን ሳቁ እታች ቀረ።

ወራት አለፉ። ከጋዜጣ ርዕስ ወደ ሙሉ መስመር ተሻገርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ቢሮ ሳለች፣ ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን ቀይ ምልክት አነበብኩት። «አቁም» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርቴን ስጨርስ ታብሌቱን በፊቱ ደፍቼ እሄድ ነበር እንጂ ይህን ነክቼው አላውቅም። ለካ አስተማሪዋ እኔ ከተነሳሁም በኋላ ቤቱን ስታዳምጥ ነበር። ከሰባተኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ታብሌቱን ከእጄ ተቀብላ፣ ቀዩን ነክታ የምታስቀምጠው ልጄ ነበረች። 

ሰባተኛውን ሪፖርት ፈልጌ ከፈትኩ። ልጄ አላጠፋችውም፤ ማን ያነበዋል ብላ።

በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ድምፅ አንድ እኔ ነኝ፣ ከነመንተባተቤ። ድምፅ ሁለት ልጄ ናት። «እማ፣ ቀስ በይ፣ ማንም አያባርርሽም» ትላለች። ድምፅ ሦስት የሚናገረው ከትምህርቱ በኋላ ነው፣ እኔ ገበያ በሄድኩበት ሰዓት።

«ቦታውን ያዙልኝ። ገና የጋዜጣ ርዕስ ላይ ናት። የመድኃኒቷን ወረቀት ብቻዋን ያነበበች ቀን እመጣለሁ። እስከዚያ እዚህ ታስሬያለሁ።»

ነገሩ የልጄ ነው፤ በሌላ ከተማ ላገኘችው ለዚያ ሥራ በስልክ የተናገረችው። ድምፁን ግን አስተማሪዋ የሌላ ሰው ነው ብላ ነበር የመዘገበችው።

በማግስቱ መሳሳት ጀመርኩ። ልጄ ወረቀቱን ከክኒኑ ካርቶን አውጥታ ስትዘረጋልኝ አንዱን ቃል እዘላለሁ፣ ሌላውን እሰብራለሁ።

«እማ፣ ትናንት እኮ ይህን አንብበሽዋል።»

«ትናንትማ ትናንት ነበር። እርጅና ነው ልጄ፣ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል።»

«አይዞሽ» ትለኛለች። ዓይኗ ግን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለው ሻንጣ ላይ ነው።

እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት እንደሄድን ነው ያ «ለምን ትሳሳቻለሽ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው። አስተማሪዋ ቀጠለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም።

«የማያውቅ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። የአንቺ ስህተት በየቀኑ ቦታ ይቀይራል። ይህ የጀመረው ሪፖርት ሰባትን በከፈትሽ ማግስት ነው።»



«አነበብሽው።»

ማን እንደተናገረ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ድምፁ ወፍራም፣ ደረቅ፣ የማይቸኩል ነበር። ከኋላዬ ግድግዳው ብቻ ነው ያለው። ስመለስ የልጄ ከንፈር ገና አልተገጠመም።

«አዎ» አልኩ።

«ሁሉንም?»

«ታስሬያለሁ የሚለውንም።»

አላለቀሰችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች።

«ለምን እንዲህ አድርገሽ አናግረሽኝ አታውቂም?» አልኳት።

«ትፈሪያለሻ። ልጅ ሆኜ ድምፄን ከፍ ሳደርግ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለአንቺ የሚሆን ሌላ ድምፅ ሠራሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ይመስለኛል።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከማላውቃት ሴት ጋር ተቀምጬ ነበር፤ ፊቷ ግን የልጄ ነው። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ ይወሰዳል» አልኩ። «የረሱት እንደሆነ ደርበው አይውሰዱ።» ከላይ እስከ ታች፣ የፋብሪካውን አድራሻ ሳይቀር፣ አንድ ቃል ሳልስት ጨረስኩት።

«ትክክል ነው» አለች አስተማሪዋ። 

ልጄ በአሥረኛው ቀን ሄደች። በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፣ በዚያው ወፍራም ድምፅ። አሁንም ስልኩን ሳነሳ ማን ልበል እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሪፖርቱን ብቻዬን ከፈትኩት። በቤቱ ሁለት ድምፅ ተሰምቷል ይላል። በሩን ቆለፍኩ፣ ውስጠኛውን ክፍል አየሁ፣ ባዶ ነው። ተመልሼ ድምፅ ሁለት ያለውን አነበብኩ።

«እማ፣ ቀስ በይ፣ ማንም አያባርርሽም።»

ከመስመር ወደ መስመር ስሸጋገር የምለው እኔው ነኝ፣ ልጄ ትለኝ በነበረው ድምፅ። እንደምለው አላውቅም ነበር።

ልጄ የራሷን ድምፅ ይዛ ሄደች። ለእኔ የሠራችልኝ ድምፅ ከእኔ ጋር እዚህ ቀረ።