ቅንፍ ውስጥ የገባ እሺ

አንቺ ልጅ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝማ። ይሄን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው? እናቴ እንደሆነች ገና ከመጀመሪያው ቃል ላይ ነው የተጣላችን።

እኔና ትርሲት እኛ ቤት ቁጭ ብለን እየተጨቃጨቅን ነበር። ትርሲትን ታውቂያት የለ፣ ስትናደድ ድምጿ ጎረቤት ይደርሳል። "እኔ ጄሰን ነው የምፈልገው! ያለ ጄሰን አልሠራም!" ብላ ጮኸች። እናቴ ሽንኩርቷን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ።

"ጄሰን የማን ልጅ ነው?"

"እማዬ፣ ሰው አይደለም።"

"ሰው ካልሆነ ምንድነው? ፈረንጅ ነው?"

ትርሲት ሳቋን መያዝ አቅቷት ትራስ አፏ ላይ አደረገች። እኔ ደሞ ላስረዳ ብዬ "ማሽን ለማሽን መልስ ሲልክ የሚጽፍበት አጻጻፍ ነው" ስላት፣ "አሃ! በጽሑፍ ነዋ የተዋወቃችሁት" ብላ ወጣች። እስከ ማታ አላናገረችኝም።

ላንቺ ግን በደንብ ላስረዳሽ። ስልክሽ ላይ አንድ ነገር ልትከፍቺ ስትይ "በኢሜይልሽ እንዲገባ ትፈቅጃለሽ?" ይልሽ የለ? የይለፍ ቃልሽን አይወስድም፤ ፈቃድሽን ብቻ ነው የሚወስደው፣ እሱንም ለዚያች ነገር ብቻ። እኔና ትርሲት ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ስንማር፣ ይሄን ነገር ለገበሬ ብናደርገውስ አልን። ቡሬ አጠገብ ምርጥ የበቆሎ ዘር ለአባላቱ የሚያከፋፍል አንድ ማኅበር አለ። ሰው ራሱ መምጣት ካልቻለ ሌላ ሰው በስሙ ይወስድለታል፤ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን ልታስመቺ ስትሄጂ ሊቀመንበሩ የለም፤ ሊቀመንበሩ ሲኖር ማኅተሙ የለም።

የኛ አሠራር እንዲህ ነው። የመጋዘኑ ኮምፒውተር የኛን ማሽን ይጠይቃል። የኛ ማሽን ለዘሩ ባለቤት "እገሌ ዘርዎን ይውሰድ?" ብሎ መልእክት ይልካል። ባለቤቱ ያለውን ይዞ ለመጋዘኑ ይመልሳል። በቃ። ጭቅጭቃችን ታዲያ መልሱ በምን መልክ ይሂድ የሚል ነበር።

እኔ በአንዲት መስመር ይሁን ነው የምለው፦ "ተፈቅዷል" ወይ "አልተፈቀደም"። ቀላል ናት፣ ኔትወርኩ ሲያነክስ እንኳ ሾልካ ታልፋለች፤ መጋዘን ጠባቂው ወንዳወቅም በዛች ባለቁልፍ ስልኩ ያነባታል። ትርሲት ደሞ ጄሰን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ጄሰን ማለት በቅንፍ ተከፍቶ በቅንፍ የሚዘጋ ነው፤ እያንዳንዱ ነገር ከነስሙ በየቦታው ይቀመጣል፦ ማን ፈቀደ፣ ለማን ፈቀደ፣ ምን፣ እስከ መቼ።

"ቅንፍሽን ወንዳወቅ ምን ያድርገው? ጺሙን ይላጭበት?"

"ያንቺን መስመር ደሞ ማሽኑ ምን ያድርገው? ይዝፈነው?"

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ አድማሴ ለሙከራ አንድ የገበያ ቀን ሰጡን። "ልጆቼ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አንድ ፍሬ ዘር ከወጣ እኔ ወደ ማኅተሜ ነው" አሉን። ዘር ደሞ የሚወጣው ዝናቡ ሳይጠብቅ ነው፤ ዘንድሮ ካመለጠን ለከርሞ ማን ያስታውሰናል? ከትምህርት ቤት ከወጣን ወዲህ እኔና ትርሲት "ይሄ የኛ ነው" የምንለው ሌላ ምንም ነገር አልነበረንም።

ጊዜ ስላጠረን የኔ መስመር አለፈች። ማሽኑ ከመጣው መልስ ውስጥ "እሺ" ወይም "አዎ" የሚል ቃል ካገኘ "ተፈቅዷል" ብሎ ይልካል። በዚህ በዚህስ ሁለታችንም ተስማምተናል፤ ይመዝገብልኝ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ገና በጠዋቱ ክንዱ የሚባል ጨዋታ አዋቂ ሰውዬ ጋሪ እየነዳ መጣ። "የእትዬ አቻምየለሽን ዘር ልውሰድላት" አለ። ወይዘሮ አቻምየለሽ የሟች ወንድሙ ሚስት ናቸው፤ ከአዊ ወገን ናቸው፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለውን መሬታቸውን ራሳቸው ነው የሚያሳርሱት። ማሽናችን መልእክት ላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ልጃቸው ናት የጻፈችላቸው፦ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለልጆቹም ሰላም በሉልኝ ትላለች እማዬ።"

"ተፈቅዷል!" አለ ማሽኑ።

እኔና ትርሲት ተቃቅፈን ዘለልን። ወንዳወቅ ዘሩን በጆንያ አድርጎ ጋሪው ላይ ጫነ። ኧረ ከጋሪው ጋር ፎቶ ሁሉ ተነስተናል! ክንዱ ፎቶው እንዲያምር ብሎ ባርኔጣውን አስተካክሏል።

ጋሪው ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ባዶ ጆንያ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ወረዱ።

"እንዴት አደርክ ክንዱ? የማንን ዘር ነው የጫንከው?"

"የርስዎን ነዋ እትዬ! ላግዝዎት ብዬ!"

"ማን ፈቀደልህ?"

"እርስዎ! ይኸው ማሽኑ ይመስክር፣ እሺ ብለዋል። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባል የለ?"

ወይዘሮ አቻምየለሽ ነጠላቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ። "ከሺህ ይበልጣል ተባለ እንጂ ከጆንያ ይበልጣል ተባለ?"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ዘመድ በደግ አፍ ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም" አሉ። "እሺ ያልኩህ ሰማሁህ ስል ነው። መልሱን አስጽፌ እየሮጥኩ ባጃጅ የያዝኩት ለምን መሰለህ?"

ክንዱም ሳቀ፤ ግን ጆሮው ቀልቷል። ጆንያውን ራሱ አወረደው። የጎደለ ነገር የለም፣ የተጣላ ሰው የለም። ጋሽ አድማሴ ግን መሳቢያቸውን ከፍተው ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉት። 

"ጋሽ አድማሴ፣ በሞቴ፣ እስከሚቀጥለው ገበያ ብቻ ይስጡን" አልኳቸው።

"ጎበዞች ናችሁ ልጄ። እስኪ ይታያል።"

ይታያል! አንቺዬ፣ እኛ አገር "ይታያል" የተባለ ነገር ማን አይቶ ያውቃል?

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ተኳርፈናል። ትርሲት "በጄሰን ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" አለች።

"እንዴት ነው የማይመጣው? እሺ ቅንፍ ውስጥ ሲገባ አዎ ይሆናል?"

ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ አቀፈች።  እኔም ልቤ ራራና "ለማንኛውም ነገ የኔኑ መስመር እናስተካክላት" አልኳት።

"እሺ" አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ያንን እሺዋን አውቀዋለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"ቆይ፣ አሁን እሺ ያልሽው አዎ ብለሽ ነው?"

"አይደለም።"

"እምቢ ብለሽ ነው?"

"እሱም አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ልምከርበት ብዬ ነዋ! ትንሽ ፋታ ስጪኝ ብዬ!"

"ትርሲት!" ብዬ ስጮህ ሾፌሩ ሰው የገጨ መስሎት ፍሬን ያዘ። ተሳፋሪው ሁሉ ሰደበኝ። እኔ ግን ምን ገዶኝ! ለካ እኛ ለመልሱ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያዘጋጀንለት፤ አገራችን ግን በሦስት ነው የሚመልሰው። መስመር በይው ቅንፍ በይው፣ ሦስተኛው መቀመጫ ከሌለው ሄዶ ሄዶ አንዱ ላይ በግድ ይቀመጣል።

ትርሲት ወዲያው ስልኳን አወጣች። ይሄ ፈቃድ የመጠያየቂያ አሠራር እኮ ዓለም የተስማማበት ደንብ አለው፤ እኛ እንዲቀለን ብለን ከላይ ከላዩ ነው ያነበብነው። ጎርጉራ ጎርጉራ አገኘችው፦ "ባለቤቱ ገና አልወሰነም፣ ቆይተህ ጠይቅ" የሚል መልስ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

"ፈረንጅም እሺ ይላል ማለት ነው?" አልኩ።

"ይላል። ደሞ መልሱ በጄሰን ይሁን ይላል" አለችና ፈገግ። ፈገግታዋን ብታዪው በጥፊ ትያት ነበር።

ከዚያማ ቀልድ የለም፣ ሥራ ነው። ለማሽኑ በጄሰን ይሂድ አልኩ፣ ተሸነፍኩ። ውሳኔው የራሱ ስምና ቦታ አገኘ፤ እዚያ ቦታ ላይ ከሦስቱ አንዱ እንጂ ሌላ ቃል አይገባም። ለወንዳወቅ ስልክ ግን ቅንፍ የሚባል አይደርስበትም፣ በአማርኛ አንዲት መስመር ብቻ፤ እዚህ ላይ ደሞ ትርሲት ተሸነፈች። ለባለቤቱ የሚላከውም መልእክት ተቀየረ፦ አንድ፣ ይውሰድ። ሁለት፣ አይውሰድ። ሦስት ላይ ግን እንደገና ተጣላን። ትርሲት "ገና አልወሰንኩም" ይባል አለች። "ይሄን የሚል ትልቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት። "ልምከርበት" አልነው። ልምከርበት ክብር አለው፣ ጠያቂውንም አያሳፍርም።

በሚቀጥለው ገበያ ትርሲት ማሽኑን ልትጠብቅ ፍኖተ ሰላም ቀረች፣ እኔ ብቻዬን ቡሬ ሄድኩ። ጋሽ አድማሴን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

"ዛሬ ደሞ ምን እግር ጣለሽ?"

"'ይታያል' ብለውኝ የለ? ይኸው ላሳይዎት መጣሁ።"

መጀመሪያ ኮስተር አሉ። ቀጥለው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቁ ነው። "ግቢ፣ ግቢ፣ አንቺ ምላሳም" አሉኝ።

የመጀመሪያው መልስ አንድ ሆኖ መጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሁለተኛው ሦስት። የሚቀጥለውም ሦስት፣ ከሱ የሚቀጥለውም። ምን ልበልሽ፣ አገር ምድሩ ሦስትን ይጫናል! ጉድ ፈላ አልኩ። ጋሽ አድማሴም ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ግን የሆነውን ልንገርሽ። "ልምከርበት" የተባለ ሰው አልተጣላም። ወጥቶ ሻይ ቤቱ ጋ ተቀመጠ፣ ስልክ ደወለ፣ ተነጋገረ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ አንድ ሆኖ፣ አንዱ ሁለት ሆኖ መልሱ ይመጣል። ክንዱ ራሱ እዚያው ወረፋ ላይ ቆሞ ሳለ የአክስቱ ልጅ የሱን ዘር ልውሰድለት ብሎ ጠይቆ መልእክት ደረሰው። ስልኩን አየው፣ ሰማይ አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። ሦስትን ተጫነ። ትንሽ ቆይቶ ከአንድ ግንድ ጀርባ ሄደና ሁለትን ተጫነ።

"ወይ ጉድ! ዘመድ እምቢ ስል ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው" አለ ሲመለስ፤ ፊቱ በርቷል።

ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ሲዘጋ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የወጣ ዘር የለም፤ በር ላይ የተጯጯኸም የለም። ጋሽ አድማሴ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የዘንድሮውን ዘር በሙሉ በዚህ እናውጣው" አሉ። "ሰኞ ደሞ የጎረቤት ማኅበር ሰዎች ይመጣሉ፣ ለነሱም ታሳያላችሁ።"

አላመንኩማ! "ጋሽ አድማሴ፣ ይሄ አንድ ነው ወይስ ሦስት?"

"አንድ ነው ልጄ! አንድ! በአማርኛ አዎ!"

እንባዬ መጣ። እዚያው ቆሜ ለትርሲት ጻፍኩላት፦ "ዘንድሮን በሙሉ ፈቀዱልን!!! ሰኞ ሌሎችም ሊያዩ ይመጣሉ!!! እያለቀስኩ ነው!" የመለሰችልኝን ቃል በቃል ላንብብልሽ፦

"ልቅሶሽን ትተሽ የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጥሽ ነይ፤ ለሰኞ የምናስተካክለው ብዙ ነገር አለ፣ ደሞ ርቦኛል።"